ቢራቢሮ ሲፈልስ ካሜራው የት ይቁም?

ለተፈጥሮ ፎቶ አንሺዎች ከቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሎ

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ ካልተሰማችሁ እጃችሁን አውጡ። ወሬው ሲጥመኝ ድምፄን ዝቅ የማድረግ አመል አለብኝ። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልናገር፤ ዓመቱን፣ ወሩንና ወቅቱን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ በጋ ስል ከጁን እስከ ኦገስት ያለውን የእነሱን ሙቀት፣ ክረምት ስል ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለውን ብርድ ማለቴ ነው።

በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የቢራቢሮ ፍልሰትን ፎቶ ለማንሳት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በካሜራ አይደለም። የሚቸገረው ፍልሰቱ ስለማይታይ ነው። ቢራቢሮዎቹ ደህና አድርገው በሚጓዙበት ቀን ከአናታችሁ በላይ ብዙ መቶ ሜትር ከፍ ብለው ያልፋሉ። እናንተ ሜዳው ላይ ቆማችሁ «ዛሬ ምንም የለም» ብላችሁ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ። ንፋሱ አልመች ሲላቸው ግን ዝቅ ብለው ይበራሉ፣ አበባ ላይ ይውላሉ፣ ዛፍ ላይ ያድራሉ። ለእነሱ መጥፎ የሆነ ቀን ለእኛ ሠርግ ነው። ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚህች ነጥብ የሚመዘዝ ነው።

ዝም ብዬ እንዳላወራ ማስረጃ ላቅርብ። ፔይንትድ ሌዲ የምትባል ቢራቢሮ አለች። ብርቱካናማ ናት፣ የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ቦታ ከሚገኙ ቢራቢሮዎች አንዷ ናት። አውሮፓ ውስጥ በጸደይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ስትጎርፍ ሰው ሁሉ ያያታል። በመጸው ወደ ደቡብ ስትመለስ ግን ያየ ሰው እምብዛም አልነበረም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ «ሰሜን ደርሳ እዚያው ብርድ ይፈጃታል» ሲባል ኖረ። በ2009 ወደ ብሪታንያ የገባው ፔይንትድ ሌዲ ከወትሮው እጅግ የበዛ ነበር። ተመራማሪዎች የብዙ ሺህ በጎ ፈቃደኞችን ምልከታ ሰብስበው፣ ወደ ሰማይ የሚያይ ራዳር ካሳየው ጋር አስተያዩት። ውጤቱ በ2012 ሲወጣ የድሮው ወሬ አበቃለት። በጸደይ 11 ሚሊዮን ገደማ ገብተው፣ በመጸው 26 ሚሊዮን ገደማ ወጥተዋል። ሲወጡ በአማካይ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ነበር። ያን ያህል ሚሊዮን በሰው አናት ላይ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያየ የለም። ቀና ቢልም አይታይም ነበር።

ታዲያ ሜዳ ላይ ወጥተን የምናነሳው ምንድን ነው? ጉዞው የሚቋረጥበትን ሰዓት ነው። እራቱን፣ እንቅልፉን፣ የጠዋት ብርዱን፣ ንፋስ መጠበቁን። ምርጥ የሚባሉት የፍልሰት ፎቶዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ፌርማታ ላይ የተነሱ ናቸው።

ብዙውን ምሳሌ ከሞናርክ ነው የምወስደው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስለ መጸው ፍልሰቱ ከማንም በላይ የተጠናው ሞናርክ ነው። የሰሜን አሜሪካ ቢራቢሮ ነው። ብርቱካናማ ክንፍ፣ ጥቁር ጅማት፣ ዳር ዳሩን ነጭ ነጠብጣብ። ክብደቱ ግማሽ ግራም ገደማ። ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ያሉት ከደቡብ ካናዳና ከዩናይትድ ስቴትስ ሰሜናዊ ግዛቶች ተነስተው መካከለኛው ሜክሲኮ ድረስ ይወርዳሉ። ከሩቅ የሚነሱት ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ። እዚያ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው ተራሮች ላይ፣ ኦያሜል በሚባል የጥድ ዘመድ ዛፍ ላይ ተከማችተው ክረምቱን ያሳልፋሉ። ከሮኪ በስተምዕራብ ያሉት ደግሞ አብዛኞቹ ወደ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ይሄዳሉ።

የሚገርመው ግን ርቀቱ ብቻ አይደለም። በበጋ የምትፈለፈል ሞናርክ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ብትኖር ነው። ትጋባለች፣ እንቁላል ትጥላለች፣ ትሞታለች። በበጋው መጨረሻ የምትወጣው ግን ሌላ ናት። ቀኑ ሲያጥር፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ሚልክዊድ የሚባለው የእጮቿ ምግብ ሲያረጅ፣ አካሏ መራባቱን ለጊዜው ያቆመዋል። እስከ 8 እና 9 ወር ትኖራለች። መንገዱን ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም። እናቷም አታውቀውም፣ አያቷም እንዲሁ። የሚመራት ፀሐይ ነው። ፀሐይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቦታ ስለምትቀያይር ሰዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ሰዓቱ ያለው አንቴናዋ ውስጥ ነው። በ2009 የወጣ ጥናት ይህን አሳይቷል፤ አንቴናቸው የተቆረጠ ወይም በጥቁር ቀለም የተቀባ ሞናርኮች ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወስደው አቅጣጫ ይጠፋባቸዋል።

ለፎቶ ይህ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ይጠቅማል። የመጸው ሞናርክ ለመጋባት አትራወጥም። አበባ ላይ ስትቀመጥ የምታስበው ስብ ማጠራቀም ነው። የበጋዋን ቢራቢሮ ስታሳድዱ ትውላላችሁ፤ የመጸዋ ግን አስተር የሚባል የመጸው አበባ ላይ ደቂቃዎች ትቆያለች። ከምታስቡት በላይ ታስጠጋለች።

አሁን መቼ እንውጣ ወደሚለው ልምጣ። በሰሜን፣ ሚኔሶታና ኦንታሪዮ አካባቢ፣ ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ነው። ካንሳስ አካባቢ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ይደምቃል። ቴክሳስ ኦክቶበር ነው። ሜክሲኮ ተራሮች ላይ የመጀመሪያዎቹ የሚደርሱት በኖቬምበር መግቢያ አካባቢ ነው። ከቀን መቁጠሪያ የተሻለ ግን አለ። ሞናርክ ዎች የሚባለውን ፕሮግራም በ1992 በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ቺፕ ቴይለር አንድ ነገር አስተውለዋል። በአንድ ቦታ ላይ ፍልሰቱ የሚጀምረው በእኩለ ቀን የፀሐይ ከፍታ ከአድማስ ወደ 57 ዲግሪ ሲወርድ አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር የስልካችሁ የፀሐይ መተግበሪያ በየቀኑ ይነግራችኋል። እኔ ይህን ዘዴ እወደዋለሁ። ቢራቢሮዋ የምታየውን ነገር ራሱን ነው የምታዩት።

ወቅቱ ከታወቀ በኋላ የቀረው ንፋስ ነው። ከሰሜን ቀዝቃዛ አየር ዝናቡን እየገፋ ያልፍና ሰማዩ ይጠራል፣ ንፋሱም ከሰሜን ይሆናል። ያን ቀን ይሄዳሉ። ጠዋት ከምድር የሚነሳውን ሞቃት አየር ተሳፍረው እየዞሩ ይወጣሉ፤ ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው ሳያርገበግቡ ወደ ደቡብ ይንሸራተታሉ። ጉልበት አይፈጅም። በሞተር አልባ አውሮፕላን የሚበሩ ሰዎች 3,000 ሜትር በላይ ላይ ሞናርክ አግኝተዋል። ንፋሱ ከደቡብ ሲሆን ደግሞ ጉዞው ይቆማል። ከንፋስ ጋር የሚታገል የለም፤ ወደ አበባው ይወርዳሉ።

ስለዚህ የአየር ትንበያ ሳይ ለሁለት ከፍዬ ነው። የሰሜን ንፋስ ቀን የማየትና የመቁጠር ቀን ነው። የደቡብ ንፋስ ቀን የካሜራ ቀን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሻ ሰው ሁለቱንም ያጣል።

በማየት ልጀምር። ፎቶ አንሺዎች ይህን ክፍል መዝለል ይወዳሉ፤ አትዝለሉት። ጥርት ባለ ሰማያዊ ሰማይ ላይ በከፍታ ያለ ቢራቢሮ መፈለግ ዓይን ማድከም ነው። ነጭ ደመና ፈልጉ። ባይኖኩላራችሁን የደመናው ጠርዝ ላይ አድርጉና ዝም ብላችሁ ያዙት። ጥቁር ነጥቦች ሲያልፉ ይታያችኋል። ጭልፊቶች በአንድ ቦታ ሲሽከረከሩ ካያችሁ እዚያ ተመልከቱ፤ እነሱም የሚወጡት በዚያው ሞቃት አየር ነው፣ ሞናርኮቹ ብዙ ጊዜ መሐላቸው አሉ። ባይኖኩላር ስትገዙ 8 እጥፍ የሚያቀርብ ይበቃል። ከማጉላቱ ይልቅ ቅርብ ፎከስ ማድረጉን ጠይቁ። 2 ሜትር ላይ ያለ አበባ በጥራት የማያሳይ ባይኖኩላር ለወፍ እንጂ ለቢራቢሮ አይሆንም።

መቁጠር ደግሞ እንዲህ ነው። ከፊታችሁ ሁለት ምልክት ምረጡ፣ ለምሳሌ አንድ ዛፍና አንድ ምሰሶ። በመሐላቸው መስመር እንዳለ አስቡ። ለ10 ደቂቃ መስመሩን ያቋረጡትን ብቻ ቁጠሩ። የንፋሱን አቅጣጫ፣ የአየሩን ሙቀት፣ የሄዱበትን አቅጣጫ ጻፉ። ይኸው ነው። ሁሉም ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄዱ ከሆነ ፍልሰት አይታችኋል። ወዲያ ወዲህ የሚሉ ከሆነ እየበሉ ነው፤ ካሜራውን አውጡ።

ቦታ አመራረጥ ላይ ብዙ አልቆይም። ውሃ ፊት የሚያበቃ መሬት ፈልጉ። ሞናርክ ሰፊ ውሃ ለማቋረጥ ስለምታመነታ ልሳነ ምድሩ ጫፍ ላይ ተሰብስባ ንፋስ ትጠብቃለች። ኢሪ ሐይቅ ላይ ያለው ፖይንት ፒሊ፣ ኒው ጀርሲ ያለው ኬፕ ሜይ በዚህ የታወቁ ናቸው። ሐይቅ ከሌለ የዛፍ ረድፍና አጠገቡ ያለ የዘገየ አበባ ሜዳ ይበቃል። አስተር ወይም ጎልደንሮድ የሚባለው ቢጫ አበባ ካለበት ጥሩ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ወደ ማደሪያው።

ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ሲቀራት ከሰማይ መውረድ ይጀምራሉ። በቀን ሁሉም ለየብቻው ነው የሚበረው፤ ማታ ግን ይሰበሰባሉ። ንፋስ የማይመታውን የዛፍ ጎን ይመርጣሉ። አንዷ ታርፋለች፣ ሌላዋ ትዞራትና አጠገቧ ትሰፍራለች። ያረፉት መጤዋ ስትመጣ ክንፋቸውን ብልጭ አድርገው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ከዚያ ጸጥ ይላል። ክንፋቸውን ሲዘጉ የሚታየው የክንፉ የታችኛው ገጽ ገረጣ ያለ ቀለም ነው፤ ከ10 እርምጃ ርቀት የደረቀ ቅጠል ነው የሚመስለው። ሰው ስሩ ቆሞ «የታሉ?» ሲል ሰምቻለሁ።

እዚህ ካሜራው የሚፈልገው ትዕግሥት ነው። ፍላሽ አታብሩ። ቅርንጫፍ አትነቅንቁ። ብርድ ያለባት ቢራቢሮ ከወደቀች መብረር አትችልም፤ ወደ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልደረሰ ለመብረር ትቸገራለች። ጉንዳን ወይም አይጥ የሚያገኛት መሬት ላይ ትቀራለች። ለአንድ ፎቶ ብሎ ይህን የሚያደርግ ሰው ካለ እኔ ፎቶውን ማየት አልፈልግም።

ማታ ቦታውን ብቻ አረጋግጡ። ዋናው ሥራ ንጋት ላይ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ድረሱ፣ ፀሐይ ቀድማ የምትነካው ቅርንጫፍ የትኛው እንደሆነ አስሉ፣ ትራይፖዱን እዚያ ትከሉ። መጀመሪያ ምንም አይሆንም። ጤዛ ክንፋቸው ላይ ይታያል። ጨረሩ ሲነካቸው አንዷ ክንፏን ትከፍታለች፤ ጀርባዋን ለፀሐይ ታዞራለች። ቀጥሎ ሌላዋ። አሁን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። አንዳንዷ ክንፏን በመጠኑ ገልጣ ትንቀጠቀጣለች። የበረራ ጡንቻዋን እያሞቀች ነው። ደረቷ ላይ ያለው ጥቁር ጸጉር ከነነጠብጣቡ ሲርገፈገፍ ትንሽ ነገር በቅርብ በሚያነሳው ማክሮ ሌንስ ይታያል። ይህ ከ10 ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ድንገት ቅርንጫፉ ባዶ ይሆናል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ከሙሉ ቀን የበለጠ ፎቶ ይገኛል።

ስለ አሠራሩ እንነጋገር፤ ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ለዚህ ነውና።

ማደሪያው ላይ ቢራቢሮዋ ስለማትንቀሳቀስ ሹተር ስፒዱን፣ ማለትም የካሜራው መዝጊያ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ፍጥነት፣ ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ንፋስ ካለ ግን ቅርንጫፉ ይወዛወዛልና ከ1/250 ሰከንድ በታች አትውረዱ። ከጀርባ ሰማይ ካለ ካሜራው ይታለላል፤ ቢራቢሮዎቹን ጥቁር ጥላ ያደርጋቸዋል። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የሚገባውን ብርሃን፣ በአንድ ስቶፕ ጨምሩ፤ እጥፍ ማለት ነው። ከጀርባ ጥቁር ዛፍ ካለ ደግሞ ተቃራኒው ነው።

አበባ ላይ ያለችውን ስታነሱ 1/500 ጀምሩ። እየጠጣችም ክንፏን ታርገበግባለች። ክንፏ ሲዘጋ ከጎን ሁኑና የካሜራውን ፊት ከክንፉ ጋር ትይዩ አድርጉ። ያኔ አፐርቸር፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፣ 5.6 ይበቃል፤ ክንፉ በሙሉ ጥርት ይላል፣ ጀርባው ይለሰልሳል። ክንፏ በግማሽ ከተከፈተ 8 ወይም 11 ያስፈልጋል። ፎከሱ ዓይኗ ላይ ይሁን። ክንፉ ጠርቶ ዓይኗ የደበዘዘ ፎቶ የሞተ ናሙና ይመስላል።

ብርቱካናማው ቀለም ተንኮለኛ ነው። በስክሪናችሁ ላይ ጥሩ ይመስላል፤ ቤት ገብታችሁ ስታዩት ክንፉ አንድ ወጥ ቀለም ሆኖ ዝርዝሩ ጠፍቷል። ቀዩ ቀለም ቀድሞ ስለሚቃጠል ነው። ሂስቶግራሙን፣ የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ፣ በቀለም ከፋፍላችሁ ቀዩን ለብቻ እዩት። እኔ ጠንካራ ፀሐይ ላይ ከአንድ ሦስተኛ እስከ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ እቀንሳለሁ፣ ሁልጊዜም በሮው ፋይል፣ ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ምስል፣ ነው የማነሳው።

አቀራረብን በተመለከተ፣ ከቁመታችሁ ዝቅ በሉ። ጥላችሁ እንዳይነካት ፀሐይን ከየት እንደምትመጣ እዩ። ጭንቅላቷ አበባው ውስጥ ሲገባ አንድ እርምጃ፣ ሲወጣ መቆም። መጠጣቷን አቁማ ክንፏን ከዘጋች አይታችኋለች፤ ባላችሁበት ቆዩ። ዞር ዞር ማለት ማሳደድ ነው፣ የሚያሳድድ ደግሞ የጀርባ ፎቶ ብቻ ይዞ ይመለሳል።

በረራ ማንሳት ለምትፈልጉ አላሳዝናችሁም፣ ግን አልዋሻችሁም። 1/2000 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። አውቶፎከስ ያበደ ይመስላችኋል። የሚሻለው አበባ ላይ ያለችውን መርጦ ከፊቷ አየር ትቶ ፎከሱን እዚያው ቆልፎ፣ ልትነሳ ስትል በተከታታይ መተኮስ ነው። ብዙ ጊዜ ወደ ንፋሱ ዞራ ነው የምትነሳው፤ ስለዚህ ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ክፍት ቦታውን በየትኛው ወገን እንደሚተው ያውቃል። ከመቶው አንዱ ቢሳካ ደህና ነው።

መሣሪያን በተመለከተ 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ካለ እሰየው። ከሌለ እስከ 300 ወይም 400 የሚዘረጋ፣ ቅርብም ፎከስ የሚያደርግ ዙም ለዚህ ሥራ እንዲያውም ይመቻል። ስልክ ብቻ ያላችሁ ደግሞ አትፈሩ። ስልክ የሚበልጥበት ነገር አለ። ሰፊውን ሌንስ አበባው አጠገብ አስጠግታችሁ፣ ቢራቢሮዋን ከፊት፣ ሜዳውን ሐይቁንና ሰማዩን ከኋላ አድርጉ። እኔ ከዚህ ዓይነቱ ጋር ነኝ። ክንፍ የሞላበት ክሎዝአፕ የትም ሊነሳ ይችላል። የፍልሰት ፎቶ የሚሆነው ቦታ ሲኖረው ነው። አውራ ጎዳና ዳር የበቀለ አስተር ላይ የተቀመጠች ሞናርክ ከኋላዋ የጭነት መኪና ሲያልፍ፣ ለእኔ ከአሥር ንጹሕ ምስል ትበልጣለች።

እግረ መንገዴን አንድ የሚያናድደኝን ልናገር። ቢራቢሮን ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘው አበባ ላይ አስቀምጠው የሚያነሱ አሉ። ፎቶው ያስታውቃል። እግሯ አበባውን አልያዘም፣ ምላሷ እንደ ተጠቀለለ ነው፣ አንቴናዋ ወድቋል። በፍልሰት ላይ ላለች ቢራቢሮ ያ የባከነ ጉልበት ነው።

የምታነሱትን ለዩ። ወንዱ በኋላ ክንፉ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፣ ከጅማቱ ላይ። ሴቷ የላትም፣ ጅማቷም ወፈር ይላል። ቫይስሮይ የሚባል መሳይ ደግሞ አለ፤ አነስ ይላል፣ የኋላ ክንፉን ከጅማቶቹ አቋርጦ የሚያልፍ ጥቁር መስመር አለው። መስመሩን ካያችሁ ሞናርክ አይደለም።

ሞናርክ የማይደርስባችሁ ደግሞ ሌላ ፈላሽ አታጡም። ጃፓን ውስጥ ቼስትነት ታይገር የሚባለው ቢራቢሮ በመጸው ወደ ደቡብ ደሴቶችና ወደ ታይዋን ይወርዳል። በጎ ፈቃደኞች ክንፉ ላይ በእስክሪብቶ ቀንና ቦታ ይጽፋሉ። በኦክቶበር 2011 ዋካያማ ላይ የተጻፈበት አንዱ ከ83 ቀን በኋላ ሆንግ ኮንግ ተገኝቷል። 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፔይንትድ ሌዲ ደግሞ ሰሃራን ተሻግራ ትወርዳለች፤ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ በጸደይ ወደ ሰሜን ይመልሱታል። በኦክቶበር 2013 ጥቂቶቹ ደቡብ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ ጊያና ባሕር ዳርቻ ላይ ተገኙ። በ2024 የወጣው ጥናት ከምዕራብ አፍሪካ ተነስተው አትላንቲክን በንፋስ እርዳታ፣ ቢያንስ 4,200 ኪሎ ሜትር እንደተሻገሩ አሳየ።

ይህን ሁሉ እንዴት ታወቀ ብትሉ፣ በአብዛኛው እንደ እናንተ ባሉ ሰዎች ነው። ፍሬድና ኖራ ኡርኳርት የሚባሉ ካናዳዊ ባልና ሚስት ሞናርክ ክረምቱን የት እንደሚያሳልፍ ለማወቅ አሥርተ ዓመታት ደክመዋል። ክንፍ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ወረቀት አበጁ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ለጠፉላቸው። በጃንዋሪ 1975 ረዳቶቻቸው ኬን ብሩገርና ካታሊና አጉዋዶ ሜክሲኮ ተራራ ላይ የቢራቢሮውን ጫካ አገኙ። «አገኙ» የምለው ለሳይንሱ ነው፤ የአካባቢው ሰው ቢራቢሮዎቹን ድሮም ያውቃቸዋል። በዓመቱ ፍሬድ ኡርኳርት ራሳቸው ተራራውን ወጡ። በቢራቢሮ ክብደት አንድ ቅርንጫፍ ተሰብሮ ፊታቸው ወደቀ። ከወደቁት መሐል አንዷ ክንፏ ላይ ወረቀት ነበራት። ባለፈው ኦገስት ሚኔሶታ ውስጥ ተማሪዎች የለጠፉት ነበር።

ስለ ቁጥራቸውም ልንገራችሁ። ሜክሲኮ ላይ አንድ በአንድ መቁጠር ስለማይቻል የሸፈኑት ጫካ በሄክታር ይለካል። በ1996 እና 97 ክረምት 18 ሄክታር ገደማ ነበር። በ2013 እና 14 ወደ 0.67 ወረደ። በ2023 እና 24 ደግሞ 0.9 ነበር፤ በቀጣዩ ክረምት ወደ 1.79 ከፍ አለ። የእርሻ መሬት ላይ የነበረው ሚልክዊድ በአረም ማጥፊያ መመናመኑ፣ የጫካው መቆረጥና የአየሩ መዛባት ዋና ዋና ምክንያቶች ተብለው ይጠቀሳሉ። መንገድ ላይ የሚበሉት የመጸው አበባም አለበት። ሣር አጫጅ መኪና በሴፕቴምበር የመንገድ ዳር አበባን ሲያጭድ ሳይ ስቆጣ አይታችሁኛል።

ጥያቄዎች ነበሩ፣ ዋና ዋናዎቹን ላስቀምጣቸው።

አንዲት እህት «ሜክሲኮ ድረስ ሄጄ ባነሳ አይሻልም ወይ?» አለችኝ። ከቻልሽ ሂጂ። ኤል ሮሳሪዮና ሲየራ ቺንኩዋ ለጎብኚ ክፍት ናቸው፤ ወቅቱ ከኖቬምበር አጋማሽ በኋላ እስከ ማርች ነው። ፀሐይ ያለበት የፌብሩዋሪ ቀን ምርጥ ነው፤ ሙቀቱ ሲነሳ እነሱም ይነሳሉ። ከመንገዱ አይወጣም፣ ፍላሽ የለም፣ ድምፅ የለም። ያ ግን የፍልሰቱ መጨረሻ ነው። መንገዱን የሚያሳይ ፎቶ ገና ብዙ አላየሁም፤ እሱን የሚያነሳ ሰው ይበልጥ ይጎድለናል።

ሌላው «ፎቶዬን ማን ይፈልገዋል?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀን፣ ሰዓትና ትክክለኛ ቦታ ያለው የደበዘዘ ፎቶ፣ ምንም ከሌለው ቆንጆ ፎቶ ይልቅ ለተመራማሪ ይጠቅማል። ሰው የተፈጥሮ ምልከታውን በሚመዘግብባቸው ድረ ገጾች፣ አይናቹራሊስት ላይ ወይም ጆርኒ ኖርዝ ላይ አስገቡት። ማደሪያ ካገኛችሁ በግምት ስንት እንደነበሩና በየትኛው ዛፍ ላይ እንዳደሩ ጨምሩበት። የማደሪያውን ዛፍ ቦታ ለሕዝብ ከማሰራጨታችሁ በፊት ግን ቢራቢሮዎቹ እስኪሄዱ ጠብቁ፤ ሰው ይጎርፋል።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ስቲከር ነበር። ሞናርክ ዎች የሚያከፋፍለው ክብ ተለጣፊ የኋላ ክንፍ ውጫዊ ገጽ ላይ፣ መሐል አካባቢ ባለው ሰፊ ክፍል ላይ ነው የሚለጠፈው። ክንፏ ሲዘጋ ይታያል። ፊደልና ቁጥር አለበት። በባይኖኩላር ለማንበብ ያስቸግራል፤ በካሜራ ግን ብዙ ጊዜ ይነበባል። ስለዚህ ቤት ስትገቡ የጎን ፎቶዎቻችሁን አንድ በአንድ አጉልታችሁ ክንፉን እዩ፣ ልታጠፉት ያሰባችሁትንም ጭምር። ቁጥር ካገኛችሁ ከቀንና ከቦታ ጋር ላኩ፤ የት ቦታ፣ በስንት ቀን እንደተለጠፈ መልሰው ይነግሯችኋል።